የጀልባ ሻፍት ካፕሊንግን ማውለቅና መቀየር፦ የትኛው ዘዴ፣ የትኛው ካፕሊንግ?

ሻፍቱን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚያያይዘው ካፕሊንግ አልወልቅ ሲል የብዙ ሰው እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መዶሻ ነው። ካፕሊንጉ ከካምቢዮው ፍላንጅ፣ ማለትም በብሎን ከሚያያዘው ክብ የብረት ፊት፣ ጋር ተነካክቶ እንደሆነ ምቱ አልፎ የካምቢዮውን ኩሽኔታዎች ያገኛቸዋል፤ ካልተነካካም ፍላንጁን ያጣምማል፣ ጊዛ (በቅርጽ የፈሰሰ ተሰባሪ ብረት) ከሆነ ደግሞ ይሰነጥቀዋል። ከካፕሊንግ፣ ከሻፍትና ከካምቢዮ ርካሹ ካፕሊንጉ ነው። ካምቢዮው ግን ከተጎዳ መለዋወጫው እንደ መኪና ዕቃ በየሱቁ የሚገኝ ስላልሆነ ጀልባውን ለረጅም ጊዜ ያስቆማል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የምመዝናቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሥራው ባይሳካ የሚጎዳው የትኛው ዕቃ ነው? የሚጎዳው ካፕሊንጉ ከሆነ ዘዴው ጥሩ ነው። ካምቢዮው ከሆነ ግን ዘዴው የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን አልመክረውም።

መመሪያው ሞተራቸው ከውስጥ ለተቀመጠ ጀልባዎች ነው። ጣና ላይ ጎብኚ ይዘው ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት የሚመላለሱት፣ ሞተራቸው ከኋላ የተንጠለጠለ ትናንሽ ጀልባዎች የዚህ ዓይነት ካፕሊንግ የላቸውምና አይመለከታቸውም። የሚመለከተው የናፍጣ ሞተርና ካምቢዮ በሆዳቸው የያዙትን፣ ከካምቢዮው የሚነሳው ሻፍት በውሃ መግቻው (ሻፍቱ ከጀልባው በሚወጣበት ቦታ ውሃ እንዳይገባ በሚያግደው ዕቃ) በኩል ወጥቶ ፕሮፔለሩን የሚያዞርላቸውን ተለቅ ያሉ ጀልባዎች ነው።

ካፕሊንጉ ምን እንደሚሸከም ካልታወቀ ምርጫው በዘፈቀደ ይሆናል። ወደ ፊት ሲኬድ ፕሮፔለሩ ጀልባውን የሚገፋው በሻፍቱ በኩል ነው፤ ሻፍቱ ወደ ካፕሊንጉ ውስጥ ይጫናል። በዚህ ጊዜ የላላ ካፕሊንግ እንኳ ደህና ይመስላል። የኋላ ማርሽ ሲገባ ግን ፕሮፔለሩ ሻፍቱን ከካፕሊንጉ ውስጥ ይጎትተዋል። ጀልባ ፍሬን የለውም፤ ወደ ወደብ ሲጠጋ የሚቆመው በኋላ ማርሽ ነው። ሻፍቱ ከካፕሊንጉ የሚወጣውም በዚያች ደቂቃ፣ ድንጋይ ወይም ሌላ ጀልባ ፊት ለፊት እያለ ነው። የወጣው ሻፍት መሪው ላይ ተጋጭቶ ካልቆመ ከጀልባው ጨርሶ ይወጣና የሻፍቱን ያህል ስፋት ያለው ቀዳዳ ይከፍታል። ስለዚህ ምንም ዓይነት ካፕሊንግ ቢመርጡ፣ ከውሃ መግቻው ፊት በሻፍቱ ላይ የሚታሰር አንድ የብረት ቀለበት ይግጠሙ፤ ሻፍቱ ወደ ኋላ ቢንሸራተት ቀለበቱ ይይዘዋል። በመጠኑ የተጠረበ የእንጨት ውታፍም እዚያው አጠገብ በገመድ ታስሮ ይቀመጥ።

ካፕሊንጉ ጊዜው እንዳለፈ የሚናገረው ቀድሞ ነው። በሻፍቱና በካፕሊንጉ መገናኛ ላይ ቡናማ የዝገት ዱቄት ከታየ ሁለቱ ብረቶች እየተፋተጉ ነው ማለት ነው። ማርሽ ከፊት ወደ ኋላ ሲቀየር የብረት ኳኳታ ከተሰማ ሽብልቁ፣ ማለትም በሻፍቱና በካፕሊንጉ ቦይ መካከል የሚገባው ባለ አራት ማዕዘን ብረት፣ ቦታውን አስፍቷል። ጣና ላይ ደግሞ እንቦጭ አለ። እንቦጭና የተጣለ የናይለን መረብ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሻፍቱ በድንገት ይያዛል፣ ሞተሩ ግን መዞሩን አያቆምም። ያ ድንገተኛ ምት የሚያርፈው ሽብልቁ ላይ ነው።

ለማውለቅ ያሉት አማራጮች

መጀመሪያ ማየት ነው። ካፕሊንጉ ላይ ጫፋቸው ሻፍቱን የሚጫን ማጥበቂያ ብሎኖች አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሽብልቁ ላይ፣ ሌላው በጎኑ ነው። ሁለተኛው ቀለም ተቀብቶበት ወይም ዝገት ሸፍኖት ሊደበቅ ይችላልና በሽቦ ብሩሽ ጠርገው ይፈልጉት። አንድ የተረሳ ማጥበቂያ ብሎን የትኛውንም መሣሪያ ያሸንፋል፤ በጉልበት ቢጎተትም ሻፍቱን እየፋቀ ነው የሚወጣው። ፍላንጆቹ ሲለያዩ በካፕሊንጉ መሃል በኩል የሻፍቱን ጫፍ ይመልከቱ። ዳዶና ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይፈታ የሚያግድ ሽቦ መሰል ፒን) ካለው ሻፍቱ ሾጣጣ ነው፤ ዳዶው ሳይፈታ ምንም አይነቃነቅም። ከዚያ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ከሁለቱም በኩል ነክረው ያሳድሩት። ይህን ደረጃ በትዕግሥት ያለፈ ሰው ከታች ካሉት ዘዴዎች የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ላያስፈልጉት ይችላሉ።

ብሎንና ቡሶላ። እኔ የምጀምረው በዚህ ነው። ካፕሊንጉ ከካምቢዮው ፍላንጅ ይፈታና ሻፍቱ ጥቂት ወደ ኋላ ይገፋል። ዲያሜትሩ ከሻፍቱ የሚያንስ ጠንካራ ቡሶላ (ብሎን መፍቻ ጎድጓዳ ቁልፍ) በሻፍቱ ጫፍና በካምቢዮው ፍላንጅ መካከል ይቀመጣል። ከዚያ ሁለቱ ፍላንጆች በረጃጅም ብሎኖች እንደገና ይያያዛሉ። ብሎኖቹ ተራ በተራ፣ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ እያንዳንዳቸው ከሩብ ዙር ሳይበልጡ ሲጠብቁ ካፕሊንጉ ወደ ፊት ይመጣል፤ ቡሶላው ደግሞ ሻፍቱን ባለበት ይይዘዋል። ካፕሊንጉ የቡሶላውን ርዝመት ያህል ሲመጣ ይፈታና ረዘም ያለ ቡሶላ ይገባል። ብሎኖቹ ጭንቅላታቸው ላይ 8.8 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈባቸው ይሁኑ፤ ምልክት የሌለው ብሎን ተስቦ ይበጠሳል።

ይህ ዘዴ ድብደባ የለውም፣ ልዩ መሣሪያም አይጠይቅም። ጉድለቱ የካምቢዮውን ፍላንጅ እንደ መደገፊያ መጠቀሙ ነው። መሃሉ እየተገፋ ዙሪያው እየተሳበ ስለሆነ ካፕሊንጉ በጣም ከተጣበቀ ሊጣመም የሚችለው ውዱ ፍላንጅ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቦታ ካለ በካምቢዮው ፍላንጅ ፋንታ ወፍራም የብረት ሳህን፣ ለምሳሌ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በካፕሊንጉ የብሎን ቀዳዳዎች ልክ አስበስተው ይጠቀሙ። ያኔ ካምቢዮው ከጨዋታው ጨርሶ ይወጣል፤ ቢበላሽም የሚበላሸው ሳህኑ ወይም ካፕሊንጉ ነው። ከሁሉም አማራጮች ለዚህ የማደላውም ለዚሁ ነው።

ፑለር። ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት እግር ፑለር ከፍላንጁ ጀርባ ይይዝና በመሃሉ ብሎን የሻፍቱን ጫፍ ይገፋል። ወርክሾፕ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ጀልባ ውስጥ ግን በካምቢዮውና በሻፍቱ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ፑለሩ ብዙ ጊዜ አይገባም፤ ቢገባም የጊዛ ፍላንጅን ጠርዝ ብቻ ስለሚይዝ ሊሸርፈው ይችላል። በመዶሻ ክብደት የሚጎትተውን ዓይነት ፑለር አልመክርም፤ ያው መዶሻ ነው፣ አቅጣጫው ብቻ ተቀየረ።

እሳት። እዚህ ላይ ብዙ የሚነገር አለ፤ አብዛኛው ሰው ማሞቅ ሁልጊዜ ይረዳል ብሎ ስለሚያስብ። ጊዛም ሆነ ተራ ብረት 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳው በ150 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ሲጨምር የሚሰፋው በግምት 0.045 ሚሊ ሜትር ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ጠብቆ ለገባ ካፕሊንግ ግን ይበቃል። ችግሩ ሻፍቱ ስቴንለስ ስቲል ከሆነ ነው። ስቴንለስ በተመሳሳይ ሙቀት ከጊዛ የበለጠ ይሰፋል። ስለዚህ ካፕሊንጉ ቀስ እያለ ከሞቀ ሙቀቱ ወደ ሻፍቱ ይገባና ሻፍቱ ካፕሊንጉን ቀድሞ ያብጣል፤ ቀድሞ ከነበረው ይብስ ይጠብቃል። የሚሠራው በፍጥነት፣ ከካፕሊንጉ ውጫዊ አካል ላይ ዙሪያውን ማሞቅ፣ ሻፍቱን ከኋላ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ማቀዝቀዝ ነው። ብሎንና ቡሶላው ቀድሞ ተወጥሮ ከተዘጋጀ በኋላ እሳቱ ሲመጣ ብዙ ጊዜ በትንሽ ድምፅ ይለቃል።

እሳቱ የሚጎዳውን ደግሞ ይቁጠሩ፦ የውሃ መግቻውን ጎማ፣ የካምቢዮውን ፓራኦልዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደውን ጎማ)፣ ወለል ሥር ያለውን ዘይትና ናፍጣ። በዚያው ክፍል የቤንዚን ጀሪካን ወይም የቤንዚን ፓምፕ ካለ እሳትን ከአማራጭ ውስጥ ያውጡት። አየር በማይገባበት የሞተር ክፍል ውስጥ ደረቅ የእሳት ማጥፊያና ሁለተኛ ሰው ሳይኖር ችቦ አይለኮስም።

መቁረጥ። ካፕሊንጉ እንደሚጣል አስቀድሞ ከተወሰነ ከሁለት ቀን ትግል መቁረጥ ይሻላል። በግራይንደር ሽብልቁ ባለበት መስመር ላይ ካፕሊንጉ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እዚያ ቢሆን ዲስኩ ቢያልፍ እንኳ የሚነካው ሽብልቁን እንጂ ሻፍቱን አይደለም። ጥቂት ሲቀር ዲስኩን አቁሞ ስስ መሮ በስንጥቁ ውስጥ ቀስ ብሎ መምታት ይበቃል፤ ጊዛ ራሱ ተሰንጥቆ ይከፈታል። የብረት ብናኙ ካምቢዮውና ውሃ መግቻው ላይ እንዳይገባ እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸፍኑበት። ሻፍቱ ራሱ ተበልቶ የሚቀየር ከሆነ ደግሞ ከሁሉም የሚፈጥነው ሻፍቱን ከካፕሊንጉ ጀርባ መቁረጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ካፕሊንጉን ማን ይፈልገዋል?

አንድ ነገር ግን በጭራሽ፦ ካፕሊንጉን በሻፍቱ ላይ መበየድ። የላላውን ለማጥበቅ በሚል ሲደረግ አይቻለሁ። የብየዳው ሙቀት ሻፍቱን ያጣምማል፣ ስቴንለሱንም ለዝገት ያጋልጠዋል፤ ቀጣዩ ውሃ መግቻ መቀየር ሲያስፈልግም ያለ መቁረጥ መንገድ አይኖርም። ኤሌክትሪኩ በካምቢዮው በኩል ካለፈ ኩሽኔታዎቹንም ያቃጥላል።

በምን ይተካ?

ድፍን ካፕሊንግ አንድ ወጥ ብረት ነው፤ ቀዳዳው ቀጥ ያለ፣ ሽብልቅና ማጥበቂያ ብሎን ያለው። ርካሽ ነው፤ ጥሩ ቶርኖ ቤትም ሊሠራው ይችላል። በልኩ ከተሠራ ካለምንም ንቅናቄ ይዞራል። ጉዳቱ አሁን ያዩት ነው፤ ለማውለቅ የሚሰጠው መከራ። ጀልባው ውሃ መግቻው አልፎ አልፎ ብቻ የሚቀየርለት ከሆነና ሻፍቱ አዲስ ከሆነ በቂ ነው።

ስንጥቅ ካፕሊንግ በጎኑ ተሰንጥቆ በብሎን የሚቆነጠጥ ነው። ለማውለቅ ቆንጣጭ ብሎኖቹ ይፈታሉ፣ ስንጥቁ ውስጥ ስስ መሮ ገብቶ ትንሽ ይከፈታል፣ ካፕሊንጉም በእጅ ይወጣል። ከስድስት ወር በኋላ ካምቢዮው ወይም ውሃ መግቻው እንደሚፈታ ለሚያውቅ ባለጀልባ ተወዳዳሪ የለውም። የምመርጠው እሱን ነው፤ ነገር ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ብዙ ሰው "ይቆነጠጣልና ትንሽ ቢሰፋም ግድ የለም" ይላል። ግድ አለው። ከልኩ የሰፋ ቀዳዳ ሲቆነጠጥ ሻፍቱን በአንድ በኩል ብቻ ይይዛል፤ ፍላንጁም ከመሃል ይወጣና እየተወላገደ ይዞራል።

ሾጣጣ ካፕሊንግ ከሁሉም አስተማማኙ ነው። ሻፍቱ ጫፉ ላይ ይሾልና በዳዶ ይጠብቃል፤ ዳዶው እስካልላላ ድረስ በኋላ ማርሽ አይወጣም። ሲወልቅም አንዴ ከተነቃነቀ ቀላል ነው። ነገር ግን ምርጫው የእርስዎ ሳይሆን የሻፍቱ ነው። ዓለም አቀፉ የሜትሪክ ልክ 1 ለ 10፣ የአሜሪካኖቹ 1 ለ 16 ነው፤ በዓይን ተመሳሳይ ይመስላሉ፣ ሲገጠሙ ግን የሚገናኙት በአንድ ጠርዝ ብቻ ነው። የመገናኘታቸውን ልክ ለማየት ስስ ሰማያዊ ቀለም ሻፍቱ ላይ ቀብቶ ካፕሊንጉን ማስገባትና ማውጣት ይበቃል፤ ቀለሙ በእኩል ካልተላለፈ አልገጠመም።

በመካከላቸው ጎማ ወይም ፖሊዩሬቴን የሚገባባቸው ተጣጣፊ ካፕሊንጎች ላይ ብዙ ተስፋ ይጣላል። ሞተሩ በጎማ እግሮች ላይ ከተቀመጠ ንዝረትን ይቀንሳሉ፣ ፕሮፔለሩ በእንቦጭ ወይም በመረብ ድንገት ሲያዝም ምቱን ያለዝባሉ፤ አንዳንዶቹ ካምቢዮው ከሚጎዳ ራሳቸው እንዲበጠሱ የተሠሩ ናቸው። ለጣና ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን ሦስት ነገር ይታወቅ። አንደኛ፣ የተዛባ አሰላለፍን አያስተካክሉም፤ አምራቾቹም ራሳቸው መጀመሪያ ያለ ጎማው እንዲስተካከል ያዛሉ። ሁለተኛ፣ ውፍረታቸው ሻፍቱን በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ፕሮፔለሩ መሪውን እንዳይነካ ቀድሞ መለካት አለበት። ሦስተኛ፣ ሞተሩ ያለ ጎማ በቀጥታ በብረት ላይ ከታሰረ የሚጨምሩት ጥቅም ትንሽ ነው።

ከፍ ባለ ቦታ ለሚሠራ ጀልባ ከልኩ የጎላ ካፕሊንግ መግዛት አያስፈልግም። ጣና ከባህር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር እዚህ የሚሰጠው ጉልበት በባህር ዳርቻ ከሚሰጠው ያነሰ ነውና ለሞተሩ የተመደበው ልክ ራሱ ይበቃል።

ቶርኖ ቤት ሲሄዱ

ከገበያ የተገዛም ይሁን እዚሁ የተሠራ፣ ካፕሊንጉ ከሻፍቱ ጋር አብሮ ወደ ቶርኖ ቤት ካልሄደ ገንዘቡ ባክኗል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሻፍቱ በሚሊ ሜትር ነው ወይስ በኢንች የሚለው ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። በኢንች የተሠራ ሻፍት 25 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ አይገባም፤ 25 ሚሊ ሜትር ሻፍት ደግሞ በኢንች ቀዳዳ ውስጥ 0.4 ሚሊ ሜትር ይወዛወዛል። ያንን ክፍተት የለስላሳ ቆርቆሮ ቆርጦ በመጠቅለል የሚሞላ ባለሙያ ካጋጠመዎት ሻፍትዎን ይዘው ይውጡ። ሻፍቱን በካሊፐር ሳይሆን በማይክሮሜትር ያስለኩ፤ የሚለካውም ካፕሊንጉ የሚቀመጥበት ቦታ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ተበልቶ ሊሆን ይችላልና።

ድፍን ካፕሊንግ ሲገባ በእጅ ግፊት ጥቂት ገብቶ ከዚያ በእንጨት መዶሻ በቀላል ምት የሚጨርስ ይሁን። በእጅ ዘው ካለ ሰፍቷል፤ ትልቅ መዶሻ ከጠየቀ ጠቧል። ሽብልቁ በጎንና በጎን ይጥበቅ፣ በላዩ ግን ትንሽ ክፍተት ይኑረው፤ በላዩ ከነካ ካፕሊንጉን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። ከዚያ ሻፍቱና ካፕሊንጉ እንደተገጠሙ ቶርኖው ላይ ታስረው የፍላንጁ ፊት ይላጫል፣ ከሻፍቱ ጋር ፍጹም ቀጥ እንዲል። ስንጥቁ ካፕሊንግ ላይ ይህ የሚደረገው ብሎኖቹ ሙሉ በሙሉ ተቆንጥጠው ነው፤ ሲቆነጠጥ ፊቱ ስለሚንቀሳቀስ። ማጥበቂያ ብሎኖቹ የሚያርፉበት ሻፍቱ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ያስቆፍሩ። ይህን ሁሉ ሥራ የማይቀበል ቶርኖ ቤት ካገኙ ሌላ ይፈልጉ።

ገጠማና ማስተካከል

ካፕሊንጉን ሻፍቱ ላይ የሚያስገቡት ከካምቢዮው ተለይቶ ነው። ካምቢዮው ላይ አስሮ ሻፍቱን ከፕሮፔለሩ በኩል መደብደብ ኩሽኔታዎቹን የመምታት ሌላ ስም ነው።

አሰላለፉ የሚለካው ጀልባው ውሃ ላይ ከሆነና አንድ ቀን ከቆየ በኋላ ነው፤ የጀልባው አካል የብስ ላይ ሲቆምና ሲንሳፈፍ ቅርጹ ይለያያልና። ሁለቱን ፍላንጆች ብሎን ሳይገባ በእጅ ያቀራርቡ፤ ሻፍቱ በራሱ ክብደት እንዳይዘነብል ይደግፉት። ከዚያ ክፍተቱን በፊለር ጌጅ (ውፍረታቸው በታወቀ ስስ የብረት ምላጮች) በላይ፣ በታች፣ በቀኝና በግራ ይለኩ። የሚፈቀደው ልዩነት ለእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሜትር የፍላንጅ ስፋት 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። አሁን የሻፍቱን ፍላንጅ ብቻ ሩብ ዙር አዙረው እንደገና ይለኩ። ሰፊው ክፍተት በነበረበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከላይ፣ ከቀረ ሞተሩ ነው ያጋደለው፤ እግሮቹ ይስተካከሉ። ክፍተቱ ከፍላንጁ ጋር አብሮ ከዞረ ግን ሞተሩን መነካካት ከንቱ ነው፤ ካፕሊንጉ በትክክል አልተላጨም ወይም ሻፍቱ ታጥፏል። ይህ ልዩነት ሳይታወቅ የሞተር እግር ሲያጠብቁና ሲያላሉ ውለው የሚያድሩ ሰዎች አሉ።

ልኩ ሲገኝ የፍላንጅ ብሎኖቹ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ይጠብቁ፤ ማጥበቂያ ብሎኖቹ ጉድጓዳቸው ውስጥ ገብተው በስቴንለስ ሽቦ ይታሰሩ፣ ሽቦውም ብሎኑ ሊላላ ሲል ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ የሚስበው ይሁን። ሻፍቱ ላይ የሚያዘው ቀለበትም ወደ ቦታው ይመለስ።

ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ፣ ቀጥሎም ከጥቂት ሰዓታት ሥራ በኋላ ብሎኖቹን ይመልከቱ። በወሩ ውስጥ ቡናማው ዱቄት እንደገና ከታየ ማጥበቂያ ብሎኖቹን ደጋግሞ ማጥበቅ አይረዳም፤ ቀዳዳው ሰፍቷል ማለት ነውና ካፕሊንጉና ሻፍቱ አብረው ወደ ቶርኖ ቤት ይመለሱ።